ዶኒንግተን ያልነበረ ማን አለ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1993፣ በፈረንጆች ፋሲካ ዕለት፣ እንግሊዝ አገር ዶኒንግተን ፓርክ ዝናብ ነበር። በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድሩ አየርተን ሴና ከአራተኛ ቦታ ተነሥቶ፣ ወዲያው አምስተኛ ወርዶ፣ የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ሹማከርን፣ ቬንድሊንገርን፣ ሂልንና ፕሮስትን ቀድሞ መሪ ሆነ። ይህን የሚጠራጠር የለም፤ ፊልሙ አለ።

የሚያጠራጥረው የተመልካቹ ብዛት ነው። «በቦታው ነበርኩ» የሚለው ሰው ከዓመት ዓመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከመካከላቸው የሞተ ያለም አይመስልም።

ሁሉም ደግሞ ሴና አራቱንም ሲቀድም በዓይናቸው አይተዋል። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አቀበት አለው፣ ቁልቁለት አለው። አጥር ሥር ቆሞ ሴና ሹማከርን ሲቀድም ያየ ሰው፣ ፕሮስትንም ሲቀድም ለማየት ከፎርሙላ ዋን መኪና ፈጥኖ ሜዳውን ማቋረጥ ነበረበት። አቋርጧል ማለት ነው፤ ያውም ጃንጥላ ይዞ። ከጎማ የሚረጨው ውሃ ከኋላ የሚከተሉትን ሾፌሮች አሳውሯቸው ሳለ፣ የእኛ ሰውዬ ግን የሴናን ቅንድብ ሳይቀር ለይቷል።

ጎማ ለመቀየር ሰባት ጊዜ የቆመውን ምስኪን ፕሮስትን ሲያዩ የዋሉ ሰዎች የት እንደገቡ እንጃ።

ቲኬቱስ ካላችሁ፣ የሁሉም በዝናብ ርሶ ተበጣጥሷል።