ዲግሪ ያለው ሌባሻይ

ወዳጄ፣ የወንጀል ልብወለድ ልትጽፍ ነው አሉ። እሰይ! አሻራ ምን ያደርግልሃል? የአስክሬን ምርመራስ? አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለህ ሁሉ አለህ። ሚስቱ የፈታችው፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ከፖሊስ ጋር ላይሠራ የማለ ይሁን። መርማሪው በሌሊት በሩን ሲያንኳኳ ደህና አድርጎ ይቆጣ፤ የሟችን ፎቶግራፍ ሲያይ ግን ኮቱን ያንሣ። ከዚያ ተጠርጣሪው ሻዩን ሲያማስል ትኩር ብሎ አይቶ «ይህ ሰው እናቱን ይጠላል» ይበል። አለቀ፤ ካቴና አምጡ!

አዲስ ጥበብ እንዳይመስልህ። አያቶቻችን ሌባ የሚጠቁምላቸው ሌባሻይ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ልጁ መድኃኒት ይጠጣል፣ በወገቡ ይታሰራል፣ እየተንገዳገደ መንደሩን ያስሳል፤ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። ያንተው ጀግና ከረባት አስሮ ውስኪ ጠጣ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ለቦታ ጆሃንስበርግን፣ እዚያም ፎርድስበርግን ምረጥ። ቅመም የሚሸተው ሚንት ሮድ አለልህ፤ በአፓርታይድ ሕግ ከፔጅቪው የተነቀሉ ሕንዳውያን ነጋዴዎች የተሰበሰቡበት ኦሪየንታል ፕላዛም አለ። ብዙ ሳትርቅ ደግሞ ኮሚሽነር ጎዳና ላይ ያ ሰማያዊ ፖሊስ ጣቢያ ቆሟል፤ በአፓርታይድ ዘመን ስሙ ጆን ቮርስተር ስኩዌር ነበር። ያንተን ጀግና የሚያስንቁ የልብ አዋቂዎች እዚያ ነበሩ። የ29 ዓመቱ መምህር አሕመድ ቲሞል በታሰረ በአምስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.፣ ከ10ኛ ፎቅ ወደቀ። ፖሊሶቹ ወዲያው የሟችን ልብ አነበቡ፦ ጓዶቹን ከመክዳት መሞትን መርጦ ዘሎ ነው አሉ። በ1972 ዳኛውም ተጠያቂ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በ1982 ሐኪሙ ኒል አጌት እዚያው ጣቢያ ሲሞት ንባቡ አልተለወጠም፤ እሱም ራሱን ገደለ ተባለ። የሟች ልብ ደግ ነው፤ ያነበቡትን ሁሉ ይሆናል፣ አይከራከርም።

በ2017 መዝገቡ እንደገና ሲከፈት አንድም ሰው የማንንም የሻይ አማሳሰል አላጠናም። የአስክሬን ሐኪሞች ከመውደቁ በፊት የደረሱ ጉዳቶችን አሳዩ፤ የአወዳደቅ ባለሙያም ስሌቱን አቀረበ። ዳኛ ቢሊ ሞትሌ «ተገፍትሮ ነው» ሲሉ ፈረዱ። በ2022 የአጌት መዝገብም ተገለበጠ። ቲሞል ሲዘል አየሁ ያለው ፖሊስ ጆዋዎ ሮድሪገስ ግን ተከሶ ሳይፈረድበት በ2021 ሞተ። እንደ ልብወለድ ይህ ደካማ ነው፤ አጥንትና ስሌት ይበዛዋል፣ የመጨረሻው ምዕራፍም ጠፍቷል።

ስለዚህ ያንተኑ ጻፍ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልህ። በዚያ በምናፍርበት በሌባሻዩ ሕግ እንኳ የሚጠየቀው የተወደቀበት ደጅ ባለቤት ነበር። ቲሞል የወደቀው በፖሊስ ጣቢያው ደጅ ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰውን፣ የልብ አዋቂዎቹ 45 ዓመት አቆዩት።