አይሞቀው፣ አይበርደው

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር። በሰኔ የመሽተል መንገድ አስፋልት እንደ ምጣድ ይግላል፤ ቴርሞሜትሩም 40ን ይሻገራል። የዩኒፎርም ደንብ ግን አይሞቀው፣ አይበርደው።

በሱዳኑ ፕሬዚዳንት በሽር ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዥንጉርጉር የወታደር ልብስ ለብሰው ይማሩ ነበር። ዥንጉርጉሩ ከጠላት ዓይን ይሰውራል ይባላል፤ አለንጋ ይዞ በር ላይ ከቆመ መምህር የሰወረው ልጅ ግን የለም።

ትልልቆቹም አላመለጡም። እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ጨዋነት የጎደለው» አለባበስን እስከ 40 በሚደርስ ጅራፍ ይቀጣ ነበር። ጋዜጠኛ ሉብና ሁሴን በ2009 ሱሪ ለብሳ በመገኘቷ 500 የሱዳን ፓውንድ ክፈይ ተባለች፤ አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች። አርባ ዲግሪ፣ አርባ ጅራፍ፦ ሕግ አውጪው ቁጥሩን ከቴርሞሜትሩ ላይ ሳይገለብጠው አልቀረም። (የጅራፍ ቅጣቱ የተሰረዘው በ2020 ነው። ሙቀቱ አሁንም አልተሰረዘም።)

እኛስ? አዲስ አበባ፣ የመጋቢት ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ሹራቡን ወገቡ ላይ ያሰረ ልጅ «ልበስ! አለዚያ ወላጅህን አምጣ!» ይባላል። ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አንገቱን አንቆት፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ተማሪ ይሆናል። ወላጅም የዕለት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ዩኒት ሊደሩ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው፣ ክራቫታቸውን አላልተው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ይቀበሉታል፤ በእጃቸው ባለ ወረቀት ፊታቸውን እያራገቡ። ወረቀቱ የአለባበስ መመሪያው ነው።