ጊታሩ ርካሽ፣ ሰበቡ ውድ

በአዲስ አበባ ጊታር የሚችል ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ይሆናል፤ ጊታር ያለው ሰው ግን ሞልቷል። አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ላይ ወጥታችሁ ጥቂት በር ብታንኳኩ አንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሌላው ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ ተጋድሞ፣ ሦስተኛው ቤት አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱን “ትጫወታለህ እንዴ?” ብትሉት “እየተማርኩ ነው” ይላችኋል። አምና ስትጠይቁትም እየተማረ ነበር። ካቻምናም እንደዚያው።

የነገሩ አጀማመር ግን የሚያስመሰግን ነው። ልጁ ደመወዙ ትንሽ ነው። የቤት ኪራይ አለበት፣ ታክሲ አለ፣ ወር ሳይጋመስ የሚያልቅ አስቤዛ አለ። በሰዓት እየከፈሉ መምህር ዘንድ መመላለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ “ርካሽ ጊታር ገዝቼ ራሴን በራሴ አስተምራለሁ” ብሎ ይቆርጣል። እሰየው! ቁጠባም ትጋትም ያለበት ሐሳብ ነው። ትዝብቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ያገለገለ ጊታር የሚሸጥበት ሱቅ ይገባል። ሻጩ ከተሰቀሉት አንዱን ያወርድና አቧራውን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል፤ ቁልፎቹን ወዲህ ወዲያ ጠምዘዝ አድርጎ በአፍታ ይቃኘዋል፤ ከዚያ ትዝታ ይለቅበታል። ገዢያችን እዚያው ቀልጦ ይቀራል። ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ነቄ ነው፤ ይከራከራል፣ ሊሄድ ይነሳል፣ ይመለሳል፣ በመጨረሻም ቦርሳውን አስመርቆ ይገዛል። ክሮቹ ከአንገቱ ምን ያህል ርቀው እንደተወጠሩ አላየም። አንገቱ ይጉበጥ አይጉበጥ አላረጋገጠም። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ጥቁር ከለር የለውም?”

አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ፈተና ነበረው። አንዱን ክር ሳይጫኑ መምታት፣ ቀጥሎ ያንኑ ክር 12ኛው ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው የብረት መስመር) ላይ ተጭኖ መምታት። የሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያው ሆኖ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። ካልሆነ ያ ጊታር ከታች ሲቃኙት ከላይ፣ ከላይ ሲያስተካክሉት ከታች እያፈነገጠ ባለቤቱን ሲያናድድ ይኖራል። ደንበኛችን ይህን ሳያደርግ ጊታሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ያቺን ትዝታ ይፈልጋታል፤ የለችም። ጊታሩ ያው ሱቅ ውስጥ የነበረው ጊታር ነው። የሻጩ ጣቶች ግን ለሽያጭ አልቀረቡም ነበር።

ቀጥሎ የጣት ሕመም ይመጣል። የብረት ክር ያልለመደ ጣት መቁሰሉ የታወቀ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ታግሶ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጫወት ሰው የጣቱ ጫፍ ይደድርና ይረሳዋል። ርካሽ ጊታር ላይ ደግሞ ክሮቹ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብለው ስለሚወጠሩ ሕመሙ እጥፍ ነው። ለዚህ መፍትሔው ዕቃውን የሚያውቅ ሠራተኛ ዘንድ ወስዶ ክሮቹን ዝቅ ማስደረግ ነው። “ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አላወጣም፤ እየቆጠብኩ ነው” ይላል ልጁ። በዚያው ሳምንት የጊታር ማንጠልጠያ ይገዛል። ባለቀለም ፒክ በደርዘን ይገዛል። ማቆሚያ ይገዛል። ገና ሁለት ኮርድ ሳይለይ ካፖ የሚባለውን የአንገት መቆንጠጫ ይገዛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ቁጠባው የሚያገረሽበት ክር ሲበጠስ ነው። የገዛው ክላሲክ ጊታር ከሆነ ደግሞ ለናይለን ክር የተሠራ ነው። ልጁ ግን የብረት ክር ከጓደኛው በነፃ አግኝቷልና ይወጥርበታል። የብረት ክር ጉተታው ከናይለኑ በእጅጉ ይበልጣል፤ አንገቱን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል፣ ክሮቹ ከታች የታሰሩበትንም እንጨት ከሆዱ ላይ ያላቅቀዋል። አንድ ቀን ሌሊት ጧ! ብሎ ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል። በማግስቱ ሱፐር ግሉ ይገዛል። ሱፐር ግሉ ጣቱን ከጊታሩ ጋር ከማጣበቅ ያለፈ የረባ ነገር አይሠራም። “ቻይና ስለሆነ ነው” ተብሎ ፍርዱ ይሰጣል።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። መምህሩ ዩቲዩብ ነው፤ ነፃ ነው። ነፃ ትምህርት ግን ፓኬጅ ይበላል። ስለዚህ ተማሪያችን ቪዲዮውን ከመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ላይ ያወርዳል። ያወርዳል፣ ያወርዳል፣ ስልኩ ሞልቶ “ቦታ የለኝም” ሲለው የእህቱን የሠርግ ፎቶ አጥፍቶ ያወርዳል። የጀማሪውም የሮክ ሶሎውም ትምህርት አለው፤ የትኛው ፒክ እንደሚሻል፣ ፕሮፌሽናሎች ስንት ሰዓት እንደሚለማመዱ የሚተነትን ሁሉ አለው። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያያል። ጊታሩ ፊት ለፊቱ ተሰቅሏል። ስለ ልምምድ የተነገረውን ሁሉ ሰምቶ ሲጨርስ እንቅልፉ ይመጣል።

የተነሳ ቀን ደግሞ ከኤፍ ኮርድ ጋር ይፋጠጣል። ኤፍን በደንቡ ለመያዝ አመልካች ጣት ስድስቱንም ክር እኩል መጫን አለበት። የራስ አስተማሪዎች ሁሉ መቃብር እዚህ ላይ ነው። ሲ ይዘዋል፣ ጂ ይዘዋል፣ ኤ ማይነር ይዘዋል፤ ኤፍ ሲመጣ ዘፈኑ ይቆማል። ከዚያ ሌላ ዘፈን ይጀመራል፤ እሱም ኤፍ እስኪመጣ። አንዲት ጎረቤት እናት አንድ ማታ በረንዳቸው ላይ ሆነው ልጁን ሲጠይቁት ሰምቻለሁ።

“የኔ ልጅ፣ ይኼ ዘፈን መጨረሻ የለውም እንዴ?”

“አለው እትዬ፣ እየተማርኩ ነው።”

“እንግዲያው ዛሬ ከመጨረሻው ጀምርልን፤ መጀመሪያውን እኛም ይዘነዋል።”

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የቅኝት ነገር ነው። ልጁ ቅኝት እንደ ክትባት አንዴ ከተደረገ ለዓመታት የሚያገለግል ይመስለዋል። “ከቅኝት ወጥቷል” ስትሉት “ኧረ እሁድ ተቃኝቷል” ይላል። የጊታር ክር ሙቀትም ብርድም ያላላዋል፣ ያጠብቀዋል፤ አዲስ ክር ደግሞ እስኪረጋ ድረስ በየሰዓቱ ይንሸራተታል። በነፃ የሚገኝ የመቃኛ መተግበሪያ ስልክ ላይ አለ። ስልክ ባይኖርም ስድስተኛውን፣ ወፍራሙን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ተጭኖ አምስተኛውን ከእሱ ጋር ማስማማት፣ እንዲህ እያሉ መውረድ ነው፤ ሁለተኛው ክር ሲደርስ ብቻ ሦስተኛውን 4ኛው ፍሬት ላይ መጫን ነው። ይህ ሁሉ ጆሮ እንጂ ብር አይጠይቅም።

ያውም እኛ በቅኝት የምንታማ ሕዝብ አይደለንም። ክራር ደርዳሪው ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ክሩን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ይቃኛል፤ “ምነው ዘገየ?” የሚለውም የለም። ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ አምስት ድምፅ። ኤፍ የሚባል ጣጣ ሳይነካ በአንድ ክር እንኳ እየተለቀመ ይወጣል። የኛ ሰው ግን አምስቱን ድምፅ ንቆ ከውጭ ሮክ ከባዱን ሶሎ መርጦ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

“ለምን አልተሳካም?” ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፤ ጊታሩ ርካሽ ነው፣ ጣቴ አጭር ነው፣ መምህር የለኝም። በዚያው አፉ ደግሞ “ጂሚ ሄንድሪክስም እኮ ራሱን ያስተማረ ነው” ይላል። እውነቱን ነው። የዝነኛው የሮክ ጊታር ተጫዋች የሄንድሪክስ የመጀመሪያ አኩስቲክ ጊታር በ5 ዶላር የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ነበር። ግራኝ ስለነበረ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይጫወት ነበር። ጃንጎ ራይንሃርት ደግሞ በ1928 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በደረሰበት ቃጠሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆነው፣ በዋናነት በቀሩት ሁለት ጣቶች ሶሎውን እየተጫወተ የጃዝ ጊታርን መልክ የቀየረ ሰው ነው። ልጃችን ከሄንድሪክስ ታሪክ የወሰደው መምህር አለመኖሩን ብቻ ነው። ጊታሩን ከእጁ አለመለየቱን ግን ለባለታሪኩ ትቶለታል።

ለበዓል ዘመድ ሲሰበሰብ ምርመራው ይመጣል። አጎት “እስቲ ያቺን ነገርህን አውርዳትና አሰማን” ይላሉ። ልጁ ያወርዳታል፣ ያቅፋታል፣ ቁልፉን ይነካካል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ “ክሩ አርጅቷል፤ አዲስ ክር እስክገዛ ነው” ይላል። ጠጅ ይቀዳል፣ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ያልፋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ኪስ መሳሳቱ አያሳፍርም፤ በሳሳ ኪስ ጊታር የለመደ ሰው ሞልቷል። ካፖውን ተዉት፤ በሱ ዋጋ ክር ቀይሩ። በቀን ሩብ ሰዓት ተጫወቱ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ቃኙ፣ አንድ ዘፈን ከነኤፉ እስከ መጨረሻው ድረሱበት። ከወር ወጪ የተረፈ ብር ካለ ለአንድ ቀን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ክፈሉና እጃችሁን ይይላችሁ፤ ስልክ ያሳያል እንጂ የእጅ አያያዛችሁን አያይም። ይህም ካቃተ ጎረቤት አንድ ጊታር የሚመኝ ልጅ አይጠፋም። በገዛችሁበት ዋጋ ሽጡለት፤ ፒኮቹንና ማቆሚያውን ግን መርቁለት።