ሰንደል፦ መጥቶ የማይሄድ እንግዳ

ስለ ሽቶ የሚጻፈው አብዛኛው ቅጽል ነው። ሰንደልን የሚያወድሱ ጸሐፊዎች «ሞቅ ያለ»፣ «ለስላሳ»፣ «ወተት ወተት የሚል» ብለው ያበቃሉ፤ አንባቢው የተገለጸለት ሽቶ ይሁን ገንፎ ሳይለይ ይቀራል። ይህ ጥናት ቅጽሉን ትቶ ጠባዩን ይመረምራል። የምንከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ሰንደል እንግዳ ነው፤ ያውም ቡናው አልቆ፣ ረከቦቱ ተነሥቶ፣ የቤቱ ልጆች እያዛጉ «እንግዲህ ልነሣ» እያለ የማይነሣው ዓይነት። የሚወደደውም ስለማይነሣ ነው። ክርክሩ መሠረት የለውም እንዳይባል ከሥሩ እንጀምራለን፤ ሥር ስንል ደግሞ የዛፉን ሥር ማለታችን ነው።

የዕፅዋት ስም አውጪው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳንታለም አልበም ብሎ የመዘገበው የሕንድ ሰንደል፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ከፊል ጥገኛ የሚሉት ዛፍ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ያዘጋጃል፤ ውኃውንና ማዕድኑን ግን ሥሩን ከሌላ ተክል ሥር ላይ አጣብቆ ይስባል። እንጀራውን ራሱ ይጋግራል፣ ውኃና ጨው ከጎረቤት ነው ማለት ነው። አልሚዎች ይህን አመሉን ስለሚያውቁ ገና ችግኝ ሳለ አብሮት የሚበቅል አስተናጋጅ ተክል ያዘጋጁለታል፣ ሲያድግም ግራርን የመሰለ ሌላ ዛፍ ከጎኑ ይተክሉለታል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት አካባቢውን በመዓዛ እንኳ አይክስም። ቅጠሉ አይሸትም፣ የግንዱ ውጫዊ ነጭ እንጨትም አይሸትም። መዓዛው የተደበቀው በግንዱ ልብና በሥሩ ውስጥ ነው፤ ጥሩ ዘይት የሚፈልግ ሰው 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ሥሩ በዘይት የበለጸገ በመሆኑ ዛፉ ጊዜው ሲደርስ አይቆረጥም፤ ከነሥሩ ይነቀላል። በስንት ልመና የተነሣ እንግዳ ምንጣፉንም ይዞ እንደሚሄድ ያስታውሷል።

የሕግ ታሪኩም ይህንኑ ያጠናክራል። የሕንዷ ማይሶር ገዥ ቲፑ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1792 ሰንደልን የንጉሥ ዛፍ ብሎ ዐወጀ። ቲፑ በ1799 ተገደለ፤ ዐዋጁ ግን መንፈሱ አልሞተም። ማይሶር ባለችበት በዛሬዋ ካርናታካ ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ የበቀለ ሰንደል ባለቤት መሆኑ በሕግ የተጻፈው በ2001 በወጣ ማሻሻያ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ዛፉ በሰው መሬት ላይ ቆሞ፣ ከሰው ዛፍ ሥር ውኃ እየጠጣ የመንግሥት ነበር። በቤተ መንግሥት ደብዳቤ የሚገባ እንግዳን «መቼ ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባላገር እንደማይኖር ግልጽ ነው። ዛፉ ከአገሩ መውጣት የለመደ ቢሆንም አንድ ጊዜ ተቸግሮ ነበር፦ የማይሶር ሰንደል ዘይቱ እንዲወጣለት ወደ ጀርመን ይላክ ስለነበር፣ በ1914 ጦርነት ሲነሣ እንጨቱ መሄጃ አጥቶ ተቀመጠ። ማይሶርም በ1916 ዘይቱን እዚያው ወደ ማውጣት ገባች፣ ከዘይቱም ሳሙና ሠራች። ሳሙናው ዛሬም ይሸጣል።

ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ አመሉ ይለወጣል ብሎ የጠበቀ ይሳሳታል። ሽቶ ቀማሚዎች ሽቶን በሦስት እርከን ይከፍሉታል፤ መጀመሪያ አፍንጫን የሚቀበለው መክፈቻ፣ ቀጥሎ ልቡ፣ በመጨረሻ መሠረቱ። አውሮፓውያን ይህን በትምህርት ቤት ያስተምሩታል፤ እኛ ዘንድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል የኖረ ነገር ነው። በአቦሉ ሎሚና ብርቱካን ይመጣሉ፣ በቶናው ጽጌረዳና ጃስሚን። ሰንደል የበረካ ሰው ነው። ምክንያቱም ክብደት ነው፦ የሎሚ ልጣጭ ዘይት በብዛት የሚይዘው ሊሞኒን ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 136 ሲሆን የሰንደሉ ሳንታሎል 220 ይደርሳል። ቀላሉ ሰላምታ ሰጥቶ ይተናል፤ ከባዱ ከተቀመጠበት ቆዳ ለመነሣት ጉልበቱን መደገፍ አለበት። እስኪነሣም ድረስ ዝም ይላል። ሌሎቹ ሽታዎች ሲያወሩ አያቋርጣቸውም፣ ቶሎ እንዳይበተኑም ይይዛቸዋል። በዚህ ዝምታው አዋቂ ተብሎ ይከበራል፤ አዋቂ ይሁን አይሁን ያጣራ የለም። ዑድም እኮ ይቆያል የሚል አንባቢ ይኖራል። ዑድ ግን ገና ከበሩ ጮኾ የሚገባ ነው፤ መቆየቱን ቤተሰቡ የሚያውቀው ከጩኸቱ ነው። ሰንደል መቆየቱ የሚታወቀው በማግሥቱ፣ ነጠላው ሲታጠፍ ነው።

ከመቃወሚያዎች ሁሉ የሚከብደው ከሕንዷ ካናውጅ የሚመጣው ነው። በዚያ ከተማ ዐጣር የተባለውን የአበባ ሽቶ የሚያወጡ ሰዎች ጽጌረዳውን በመዳብ ጋን ከውኃ ጋር ያፈላሉ፤ እንፋሎቱ በቀርከሃ ቱቦ ተጉዞ መቀበያው ውስጥ ይወርዳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። መቀበያው ውስጥ አስቀድሞ የሚጠብቀው ደግሞ የሰንደል ዘይት ነው። እንግዲህ እዚህ ቤት ሰንደል ተቀባይ እንጂ እንግዳ አይደለም፣ የጥናቱም መሠረት ተናደ ሊባል ይችላል። አልተናደም። መቀበያው የማን እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል። ሰንደል ካናውጅ ላይ አይበቅልም፤ ከደቡብ መጥቶ በሰው መቀበያ ውስጥ ተደላድሎ ሌሎችን «ግቡ፣ ግቡ» የሚል እርሱ ነው። እንግዳ ብዙ ከቆየ በር መክፈት ይጀምራል። ዛሬ ዋጋው ስለናረ ብዙ አውጪዎች በቦታው ፈሳሽ ፓራፊን ያስቀምጣሉ፤ ፓራፊንም ሥራውን በታማኝነት ይሠራል፣ ነገር ግን ስለ እርሱ የሚጻፍ የለም።

ሌላው መቃወሚያ ዘመናዊ ነው፦ በዛሬዎቹ ሽቶዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዛፉ የለም፣ ያለው በቤተ ሙከራ የተሠራ ሳንዳሎር ወይም ጃቫኖል ነው። እውነት ነው። ገርላን የተባለው ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ሳምሳራ እንኳ በማይሶር ሰንደል ቢታወቅም ፖሊሳንቶል የተባለ ሠራሽ ረዳት ነበረው። ሳምሳራ በሳንስክሪት የመወለድና የመሞት ዑደት ማለት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ይህ እንግዳ ወጥቶ እንኳ ተመልሶ ይመጣል። ወኪል መላክም መቅረት አይደለም። ወኪሉ እንዲያውም ከላኪው በላይ ቤተኛ ሆኗል፦ በጀርመን የቦሁም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳወቁት፣ በሰው ቆዳ ሕዋሳት ላይ ለሳንዳሎር ምላሽ የሚሰጥ የሽታ ተቀባይ አለ። አፍንጫ ላይ አይደለም፣ ቆዳ ላይ። ሰው ሳያውቀው በገላው ላይ በር አስቀርቶለታል። በአንጻሩ አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ከባድ ሞለኪዩሎች ጭራሽ ማሽተት አይችሉም፤ ሽቶውን ተቀብተው «ምንም የለውም» ይላሉ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኛ የምንቆጥረው እንደ ጠባዩ ፍጹምነት ነው፦ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱ እንኳ የማያየው እንግዳ።

አንድ ማስረጃ ቀርቷል፣ እርሱም በየቤታችን ያለ ነው። ሰንደል የሚለውን ስም ያገኘነው ከዐረብኛ ነው፤ ዐረቦች ያገኙት ከምሥራቅ፣ ሥረ ነገሩም የሳንስክሪቱ ቻንዳና ነው። ዛሬ ወደ ሱቅ ሄዶ ሰንደል የሚል ሰው የሚሰጠው በቀጭን ስንጥር ላይ የተለጠፈ የሚጨስ ነገር ነው፤ የአበባ፣ የቫኒላ፣ የሎሚ መዓዛ ያለውም በዚሁ ስም ይጠራል። ብዙውን ጊዜ ዋና አካሉ የከሰልና የእንጨት ዱቄት ሲሆን የሰንደሉን ዛፍ በዓይኑም አላየው። ደንበኛው ይህን ቢያውቅም ስሙን አይለውጥም፤ ባለሱቁም አይጠይቀውም። ስንጥሩ ነዶ ዐመዱ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል፣ መስኮት ይከፈታል፤ ክፍሉም በማግሥቱ ሰንደል ሰንደል ይላል፣ ሰንደል ሳይገባበት።