የቡታጅራ ባሕርተኛ፦ ስለ ደንበል ደሴቶች ጎብኚ የቀረበ ጥናት

መነሻ

በጉራጌ ምድር ባሕር የለም። በዚህ ጉዳይ በሊቃውንት መካከል ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። አገሪቱ ራሷ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ግን በዚህ ረገድ ከሌሎች ቀድመው የረጅም ዘመን ልምድ ያካበቱ ከተሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ፣ በተለይም የመስቀል ክትፎ ተበልቶ ባለቀ ሰሞን፣ ከነዚህ ከተሞች የተነሡ ሰዎች ጥቁር መነጽር አድርገውና ባርኔጣ ደፍተው «ደሴት ልንጎበኝ ነው» እያሉ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ይታያሉ። ክስተቱ የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት እስካሁን ስላላገኘ ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተዘጋጅቷል።

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ የሚመለከተው ደንበልን፣ ብዙ ሰው ዝዋይ የሚለውን ሐይቅ፣ ከአምስቱ ደሴቶቹ ጋር ነው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ሐይቁ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ተኝቷል። ስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቅ የተባለው ቦታ 9 ሜትር ገደማ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው አኃዝ ለጎብኚው እንዳይነገር ይመከራል። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ነፋስ ጀልባው ሲናጥ የዘመዶቹን ስም እየጠራ ለተሻገረ ሰው፣ ከሥሩ የነበረው ውሃ ከቤቱ ኮርኒስ እምብዛም እንደማይበልጥ መስማት ሞራል ይነካል።

የአጠናን ዘዴ

ጥናቱ የተመሠረተው በምልከታ ላይ ነው። መጠይቅ አልተበተነም፤ ምክንያቱም ጎብኚው በወደብ አካባቢ የተሰጠውን ወረቀት ሁሉ ደረሰኝ እየመሰለው «ይሄ ደግሞ የምን ክፍያ ነው?» ማለቱ የታወቀ ነው። ቆጠራም አልተካሄደም፤ ለመቆጠር ተሰለፉ የተባሉ ጎብኚዎች ፎቶ የሚነሡ ስለሚመስላቸው የመጀመሪያዎቹ ይቀመጣሉ፣ የኋለኞቹም አጫጭሮቹን ወደ ፊት ያወጣሉ።

ግኝት አንድ፦ ስለ ኮሚቴው

የዚህ አካባቢ ሰው ብቻውን አይጎበኝም። ደሴት ከመታሰቡ በፊት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ እንዲሁም «ሹፌሩን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል አንድ አባል ይኖሩታል። ዕቁብና ዕድር ባሳደጉት ሥርዓት መዋጮው ሳይጓደል ይሰበሰባል፤ ያልከፈለ ሰው ስሙ ይያዛል፤ የቀረም ይቀጣል። የሽርሽር ኮሚቴው እንከን የማይወጣለት ተቋም ነው፤ ሊያስከብር ያልቻለው አንድ ነገር ሰዓት ብቻ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል የተባለው ሚኒባስ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ቀደም ብለው የደረሱት እስከዚያው ቁርስ ስለሚበሉ፣ ዘግይተው የመጡትም «እናንተ በልታችሁ እኛስ?» ስለሚሉ፣ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የጉዞው ስንቅ ግማሹ ያልቃል።

ግኝት ሁለት፦ ስለ ቅድመ ልምምድ

አብዛኛው ጎብኚ ደንበልን ከማየቱ በፊት ልምምዱን የሚያደርገው በሐረ ሸይጣን ነው። ይህ ከቡታጅራ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በስልጤ ምድር የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ወርውሮ ውሃው ላይ ያሳረፈ የለም ይባላል። ስለዚህ ከአፋፉ የቆመ ጎብኚ ሁሉ ይህን አባባል በራሱ ክንድ ካላረጋገጠ አይመለስም። ሕዝባችን ለሳይንሳዊ ሙከራ ግድ የለውም የሚሉ ወገኖች እዚህ ቦታ መጥተው አያውቁም። ድንጋይ በነጻ የሚገኝ እስከሆነ ድረስ ሙከራው እየተደገመ ነው፤ ውጤቱንም ወርዶ ያየ የለም።

ግኝት ሦስት፦ ስለ ወደቡ

በባቱ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር፣ ጎብኚውን መጀመሪያ የሚቀበለው አባ ኮዳ ነው። ይህ ራሰ መላጣ ትልቅ ወፍ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ትርፍራፊ እየጠበቀ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ የሚመስለው ይህ ፍጡር በወደቡ ላይ በሰዓቱ የሚገባ ብቸኛ ባልደረባ መሆኑ ተረጋግጧል።

ቀጥሎ ድርድሩ ነው። የሚከተለው ቃለ ምልልስ በልዩ ልዩ መልኩ ሲደጋገም ይሰማል፦

«ስንት ነው ጀልባው?»

«ወደ የትኛው ደሴት ነው ጋሼ?»

«አንተ መጀመሪያ ዋጋውን ተናገር፤ ደሴቱን ከዚያ እንመርጣለን።»

የጂኦግራፊ ትምህርት ደሴትን በስፋቱና በከፍታው ይመድባል። የኮሚቴው አመዳደብ ግን ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ደሴቶች «የሚቻሉ» እና «ለሌላ ጊዜ» ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። ትልቁና ሩቁ ቱሉ ጉዶ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ምድብ ይውላል፤ ቢሆንም ከጉብኝቱ በኋላ ጎረቤት ሲጠይቅ ሁሉም የሄደው ወደዚያው ነው።

ላይፍ ጃኬት ይታደላል። ጃኬቱ ለፎቶ ይለበሳል፤ ፎቶው ካለቀ በኋላ «ይሞቃል» ተብሎ ይወልቅና ይቀመጥበታል። በፎቶው ላይ ጎብኚው ፊቱን ወደ ስልኩ፣ ጀርባውን ወደ ሐይቁ ያደርጋል። ጉማሬ ብቅ ሲልም አሠላለፉ አይለወጥም፤ ጉማሬው በኋላ ቤት ገብተው ፎቶውን ሲያሰፉ ይገኛል፣ «እኔ እኮ ድንጋይ መስሎኝ ነበር» ይባላል።

ግኝት አራት፦ ስለ ደብረ ጽዮን ዳገት

በቱሉ ጉዶ አናት ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። ትውፊቱ እንደሚለው በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው ያሳደሩት እዚህ ነው። ከአክሱም ተነሥቶ ታቦትና መጻሕፍት ተሸክሞ፣ ደጋውንም ቆላውንም አቋርጦ፣ በመጨረሻ ውሃ ተሻግሮ ዳገት መውጣት ቀላል መንገድ አይደለም፤ ሆኖም ካህናቱ ስለ ዳገቱ አማረሩ የሚል ቃል በትውፊቱ ውስጥ አልተገኘም። ከሚኒባስ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ደሴት የተሸጋገረው ጎብኚ ግን ግማሽ ላይ ቆሞ «መኪና የሚያወጣ መንገድ ለምን አይሠሩም?» ብሎ ይጠይቃል። መኪናው እንዴት ወደ ደሴቱ እንደሚሻገር ተጠይቆ የመለሰ የለም።

ግኝት አምስት፦ ስለ ዛዮች

የጥናቱ ዋና ግኝት ይህ ነው። በደሴቶቹ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በደሴቶቹ ተዳፋት ላይ እርከን ሠርተው ያርሳሉ፣ በታንኳ ይሻገራሉ፤ ዛሬ ብዙዎቹ በባቱ፣ በመቂና በሌሎች የዳርቻ ከተሞች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከስልጥኛና ከወለንኛ ጋር የምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች ከሚባለው ወገን ነው፤ ሐረሪም ዘመዱ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት የዝዋዩን ቋንቋ ከቸሃ፣ ከሶዶና ከመስቃን ጋር በአንድ ተርታ አስቀምጦታል።

ይህ ማለት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረ፣ ፖላንድ የተወለደ ምሁር ዝምድናውን አውቆታል ማለት ነው። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር የመጣው፣ በቡታጅራ ገበያ መስቃንኛውንም ስልጥኛውንም ሲሰማ ያደገው ኮሚቴ ግን አላወቀውም። ደሴት ላይ ያገኛቸውን አዛውንት ፈረንጅ የሚያነጋግር ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየለየ «እዚህ … ነው … የምትኖሩት?» ይላቸዋል። አዛውንቱም በጥሩ አማርኛ «አዎ ልጄ፣ እናንተስ ከየት ናችሁ?» ብለው ይመልሳሉ። ጎብኚው «ከቡታጅራ» ይልና ሩቅ አገር እንደመጣ ሰው ይተነፍሳል።

ውይይት፦ ውሃው የማን ነው?

የጉራጌ ተራሮች፣ በ3,600 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታቸው፣ ዝናቡን ለሁለት ይከፍሉታል። በምሥራቁ ተዳፋት የዘነበው በመቂ ወንዝ ተሰብስቦ ደንበል ይገባል፤ ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ መቂ ነው፣ ሁለተኛው ከአርሲ በኩል የሚመጣው ከታር ነው። ስለዚህ የቡታጅራ ጎብኚ በጀልባ የሚቀዝፍበት ውሃ ከፊሉ ከእሱ በፊት፣ ያለ ኮሚቴና ያለ መዋጮ፣ ከገዛ ተራራው ወርዶ የደረሰ ነው።

የወልቂጤው ጎብኚ ሁኔታ የተለየ ነው። በምዕራቡ ተዳፋት የዘነበው በዋቤ ወደ ግቤ፣ በግቤ ወደ ኦሞ፣ በኦሞም ወደ ቱርካና ይሄዳል። በሳይንሱ ሚዛን የወልቂጤ ሰው በደንበል ላይ አንዳች ይገባኛል ማለት አይችልም፤ የእሱ ደሴቶች ኬንያ ውስጥ ናቸው። ቱርካና ሦስት ደሴቶች ያሉት ሲሆን ማዕከላዊ የተባለው የናይል አዞ የሚራባበት ነው። ኮሚቴው የፓስፖርት ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ ወልቂጤዎች በቡታጅራ ደሴቶች በእንግድነት እንዲስተናገዱ ጥናቱ ይደግፋል።

ነገር ግን መቂ የሚያወርደው ውሃ ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ አፈር ተሸክሞ ቀልቶ ይወርዳል። ጎብኚው ሐይቁ ዳር ቆሞ «ውሃው ምነው ደፈረሰ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ቢያደርጉበት ነው?» ሲል የሚያየው ከተራቆተው የገዛ ወንዙ ዳር ተጠርጎ የመጣውን አፈር ነው። በታችም ሐይቁ እረፍት የለውም፤ መስኖውም፣ የአበባ እርሻውም፣ ከተማውም ከእሱ ይቀዳሉ፣ እምቦጭም ገብቶበታል። የዛይ አጥማጅ ቆሮሶ ሳያገኝ ባዶ መረብ ስቦ በተመለሰ ቀን ግን በጎብኚው ገበታ ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዓሣው ለምን ተወደደ?»

መደምደሚያና የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ ከቀረቡት ግኝቶች ተነሥቶ ጥናቱ የሚከተለውን ይወስናል። የቡታጅራ ባሕርተኛ ባዕድ አገር ለማየት ወጥቶ የሥጋ ዘመዱን ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ፣ በገዛ ዝናቡ ላይ ተሳፍሮ ታሪፍ የሚከራከር ሰው ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ደሴት ሩቅ ነው ተብሎ ተነግሮታል።

በዚህም መሠረት፦ አንደኛ፣ ላይፍ ጃኬቱ ይለበስ እንጂ አይቀመጥበት። ሁለተኛ፣ ጎብኚው ደሴት ሲወርድ ከዋጋ በፊት ሰላምታ ያስቀድም፤ ሰላምታውንም ከቤቱ ከሚያውቀው ቋንቋ ይጀምር፣ ምናልባት ይመለስለታል። ሦስተኛ፣ ኮሚቴው ለጉዞ የሚሰበስበውን መዋጮ አንድ ዓመት ወደ ላይ ያዙር፤ ከቡታጅራ በላይ ያለውን የተራቆተ ተዳፋት በእርከንና በእንሰት ያልብሰው። እንሰት አፈር እንደሚይዝ ለጉራጌ ሰው ማስረዳት የዚህ ጥናት ድርሻ አይደለም። ደንበልን ከልቡ የሚወድ የቡታጅራ ሰው ጉብኝቱን ከሐይቁ ሳይሆን ከተራራው ይጀምር።