የማኅበረሰብ ደን ልማት ፕሮጀክቶችን ክትትልና ግምገማ ከዛፍ ጋር ለማፋታት የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 0/2018

ዛፍ ለማደግ ዓመታት የሚፈልግ ሲሆን ሪፖርት ግን በየሩብ ዓመቱ የሚፈለግ በመሆኑ፣ በዚህ አለመጣጣምም ሁልጊዜ የሚጎዳው ሪፖርቱ መሆኑ በልዩ ልዩ መድረኮች በአጽንዖት የተገለጸ በመሆኑ፤

ችግኝ በሐምሌ ይተከላል፣ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ቀን ይብታል፤ በዚህም ምክንያት ማንኛውም ፕሮጀክት የዓመቱን ዕቅድ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከመቶ በመቶ በላይ የሚያሳካበትን ዕድል የዘመን አቆጣጠሩ ራሱ ያመቻቸ ሆኖ ሳለ፣ የጥርና የየካቲት ፀሐይ በሦስተኛው ሩብ ዓመት እየመጣ የተመዘገበውን ስኬት የሚያደርቅ በመሆኑ፤

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ለማኅበረሰብ ደን ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ ነዋሪው ደኑን የራሱ አድርጎ መቁጠር የጀመረ ስለሆነና፣ የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ ስንቱ ችግኝ እንደጸደቀ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ይህን ጥያቄ መልክ ማስያዝ በማስፈለጉ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«መነሻ ጥናት» ማለት ፕሮጀክቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደኑን ይዞታና የነዋሪውን ኑሮ መዝግቦ ኋላ ለሚመጣው ለውጥ ማነጻጸሪያ የሚያስቀምጥ ጥናት ሲሆን፣ ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ግን ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ተዘጋጅቶ የዛሬ አምስት ዓመት ቀን የሚጻፍበት ሰነድ ነው።

«የጽድቀት መጠን» ማለት ከተተከሉት ችግኞች መካከል ቢያንስ አንድ በጋ ተሻግረው በሕይወት የተገኙት ከመቶ ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ችግኞቹን ሄዶ ማየት ካልተቻለ በአምናው ቁጥር ላይ ጥቂት በመጨመር ይሰላል።

«ደን» ማለት አገሪቱ በምትጠቀምበት ትርጓሜ መሠረት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 ከመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው መሬት ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በበኩሉ 5 ሜትር ቁመትና ከ10 ከመቶ በላይ ሽፋን ይጠይቃል። ቁመቱ ላይ 3 ሜትር ሲጨመር ወይም ሲቀነስ የደን ሽፋን አንድም ችግኝ ሳይተከል ከፍና ዝቅ እንደሚል ባለሙያ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ የችግኝ ጣቢያ በጀት ሲያጥር ትርጓሜን ማሻሻል እንደ አማራጭ የተከላ ስልት ይወሰዳል።

«ገለልተኛ ገምጋሚ» ማለት ፍየል ናት። በፕሮጀክቱ ያልተቀጠረች፣ አበል የማትጠይቅ፣ በጥቅምት ሣሩ መድረቅ ሲጀምር እያንዳንዱን ችግኝ በአካል የምትጎበኝና ስለ አጥሩ ጥንካሬ የማያሻማ አስተያየት የምትሰጥ በመሆኗ ከፍ ያለ ክብር ይገባታል፤ ሆኖም ግኝቷን በጽሑፍ ስለማታቀርብ ተቀባይነት አይኖረውም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ቆጠራ

የችግኝ ቆጠራ በተተከለበት ዕለት ማታ ይጠናቀቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ዘመቻ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በዚያው ዕለት መገለጹ አገሪቱ ተከላን ፈጥኖ በመቁጠር ከማንም እንደማታንስ የሚያስረዳ ስለሆነ፣ ማንኛውም ፕሮጀክት የጽድቀት ቆጠራውንም በዚያው ማታ ጨርሶ ቢያድር ጊዜና ነዳጅ እንደሚቆጥብ ታምኖበታል። በአንድ ጉድጓድ በሦስት ተከታታይ ክረምት የተተከሉ ሦስት ችግኞች በሪፖርት ሦስት ዛፍ ናቸው፤ ጉድጓዱ አንድ መሆኑም የቦታ ቁጠባ ተብሎ በምርጥ ተሞክሮነት ይቀመራል። ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ እንደሚደርቅ ቢታወቅም፣ ፕላስቲኩ የማይበሰብስ በመሆኑ ተከላው መካሄዱን ለኦዲተር የሚያረጋግጥ ቋሚ ማስረጃ ሆኖ ይጠበቃል።

አንቀጽ 3፤ ስለ መስክ ጉብኝት

በሥነ ዘዴው መሠረት ናሙና ቦታዎች በካርታ ላይ በዕጣ ተመርጠው፣ ገምጋሚው እያንዳንዳቸውን በጂፒኤስ አፈላልጎ፣ ገደሉንም ሆነ ሸንተረሩን ወጥቶ፣ በውስጣቸው የሚገኘውን ዛፍ ሁሉ በዓይነቱ መመዝገብና የግንዱን ውፍረት በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ መለካት ይኖርበታል። ይህ ሥነ ዘዴ በመርህ ደረጃ የጸና ሆኖ፣ ዕጣው ግን ከአስፋልቱ መቶ ሜትር በማይርቁ ቦታዎች መካከል ብቻ ይጣላል። ቡድኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ከከተማ ተነሥቶ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ወረዳው ከተማ መድረስ ስላለበት፣ በመካከሉ የሚቀረው ጊዜ በፕሮጀክቱ ታፔላ ሥር ለቆሙት፣ ጥበቃው ጠዋትና ማታ ውኃ ለሚያጠጣቸው ሦስት ግራቪሊያዎች ይውላል። እነዚሁ ዛፎች ለጉብኝት በመጣ ቡድን ሁሉ ከመለካታቸው የተነሣ ልጣቸው በሜትር ስለተፋቀ፣ ለማገገሚያቸው በቀጣዩ ምዕራፍ በጀት ይያዝላቸዋል።

አንቀጽ 4፤ ሳይተከሉ ስለሚበቅሉ ዛፎች

በወላይታ ሁምቦ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ላይ ግጦሽና ቆረጣን ከልክለው፣ በአብዛኛው ሥፍራ ከመሬት በታች በሕይወት የነበረው ጉቶ ያቆጠቆጠውን ቀንበጥ እየመረጡና እየገረዙ በማሳደግ ደኑን መልሰዋል፤ ሥራውም በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ ለካርበን ሽያጭ በቅቷል። የካርበን ገዢ የሚከፍለው ዛፉ በሦስተኛ ወገን ተለክቶ ማደጉ ሲረጋገጥ እንጂ የተከላው ፎቶግራፍ ሲላክለት አለመሆኑ፣ እንዲሁም ከጉቶ ያቆጠቆጠ ዛፍ የተከላ ቀንም፣ የክብር እንግዳም፣ በስሙ የታተመ ቲሸርትም የሌለው መሆኑ ለክትትል ሥርዓቱ አደገኛ አርአያ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሳይተከል የበቀለ ዛፍ በዕቅድ ያልተያዘ ተብሎ በአባሪ ይመዘገባል፤ በዋናው ሠንጠረዥ ግን ቦታ የለውም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ

አሳታፊ ክትትል ማለት ደኑን የሚጠብቁት ሰዎች የሚለካውን ነገር ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ለክተው፣ በውጤቱም ላይ ራሳቸው የሚወስኑበት አሠራር ነው። በአዳባ ዶዶላ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት የተቋቋሙት ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ያህል ደን ታስቦ፣ ለአንድ ማኅበር ደግሞ ከ30 የማይበልጥ አባል ተወስኖ ስለነበር፣ በዚህ ስፋት የትኛው ጽድ መቼ እንደተቆረጠ ሳይታወቅ ማደር አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች በመረጃ ሰጪነት ሊጠሩ ይችላሉ፤ ሆኖም ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፣ መጠይቁ ግን ከአሥራ አራት ገጽ አያንስም።

የውይይት ቃለ ጉባኤ አያያዝን በተመለከተ፣ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጆቼ፣ ዘንድሮ የምትተክሉት የአምናው ጉድጓድ ላይ እኮ ነው፤ የአምናው የት ደረሰ?» ቢሉ፣ ባለሙያው «እናመሰግናለን አባባ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንይዘዋለን» ብሎ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ኅብረተሰቡ ለቀጣዩ ተከላ ከፍተኛ ተነሳሽነት አሳይቷል» ተብሎ እንዲሰፍር ያደርጋል። አዛውንቱ አሁንም መልስ ከፈለጉ ሻይ እንዲወጣ ይታዘዛል። እንጨት ለቅመው የሚያድሩ ሴቶች በስብሰባው ላይ ባይገኙ፣ እነሱ ጫካ የሚሄዱበት ሰዓት ከስብሰባው ሰዓት ጋር መጋጨቱ የእነሱ የጊዜ አጠቃቀም ችግር ተደርጎ ይመዘገባል።

አንቀጽ 6፤ ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ልማዶች

ገምጋሚ በመንገድ ያገኘውን እረኛ የሚጠይቅበት፣ ያልተሳካ ሥራ ያልተሳካበት ምክንያት የሚጻፍበት፣ እንዲሁም ፕሮጀክት ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ ደኑን የማየት ልማድ በዚህ አዋጅ በተመለከቱ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 7፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ሆኖም አስቀድሞ የተተከሉትን በተመለከተ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሲሆን፣ ባለፉት በጋዎች የደረቁ ችግኞች በሙሉ እንደጸደቁ ይቆጠራሉ።