ዜሮ ይከበር

የሞተር ጀልባ ፍሬን የላትም። ይህን ሁሉም ያውቃል ይባላል፤ ነገር ግን መኪና ለምዶ የጀልባ መሪ የጨበጠ ሰው ወደብ ሲቃረብ እግሩን ተመልከቱ፤ ወለሉን አጥብቆ ሲረግጥ ታገኙታላችሁ። ወለሉ አይታዘዝም። ጀልባ ላይ እግር ሥራ ፈት ነው፤ ባለሥልጣኗ ከመሪው አጠገብ የቆመችው አንዲት እጀታ ናት። ወደፊት ስትገፋ የፊት ማርሽ ታስገባለች፣ ይበልጥ ስትገፋ ነዳጅ ትሰጣለች። ወደኋላ ስትሳብም እንዲሁ፣ መጀመሪያ የኋላ ማርሽ፣ ቀጥሎ ነዳጅ። መሐል ላይ ቀጥ ስትል ዜሮ ናት። ታዲያ ተሳፋሪም ሾፌርም የሚያደንቁት ዳር ዳሩን ነው፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ውኃውን ስትሰነጥቅ ስልክ ሁሉ ከኪስ ይወጣል። ዜሮን ቪዲዮ የሚቀርጽ የለም። እኔ ግን የጀልባ ሾፌር የሚመዘነው በዜሮው ነው ባይ ነኝ፤ ማስኬዱንማ ሞተሩም ያውቅበታል።

ማቆም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቁልፍ ማጥፋትን ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን ያጠፋ ሰው ጀልባዋን አላቆማትም፤ እሷ በያዘችው ፍጥነት መንሸራተቷን ትቀጥላለች፣ እሱ ግን የኋላ ማርሹን፣ ማለትም ያለችውን አንዲት ፍሬን፣ በገዛ እጁ አሽቀንጥሮ ጥሏል። መሪውም አብሮ ይሄዳል፤ ሞተሯ ከኋላ የተሰቀለ ጀልባ የምትታጠፈው ፕሮፔለሩ ውኃ ሲገፋ ነውና፣ ግፊቱ ሲቀር መሪ ማዞር ጌጥ ይሆናል። ዜሮ ላይስ መሪ አይደክምም ወይ ለሚለኝ፣ ይደክማል፤ ልዩነቱ ከዜሮ ወደ ማርሽ መመለስ የአንድ እጅ ንቅናቄ ሲሆን፣ የጠፋ ሞተር ግን የሚነሣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ነዳጁ ከሩቅ ይቀነሳል፣ እጀታዋ ዜሮ ላይ ትመጣለች፣ ሞተሩ እስኪረጋ አፍታ ይቆያል፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ በጥቂት ነዳጅ፤ ጀልባዋ ስትቆም እንደገና ዜሮ፤ ቁልፍ የሚዞረው ጀልባዋ ከወደቡ ጋር ከታሰረች በኋላ ነው። ከፊት ማርሽ በቀጥታ ወደ ኋላ የሚወረውር ሾፌር የማርሹን ጥርስ ያረግፋል፣ የጥገናው ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ የራሱን ያፋጫል። በተቃራኒው እየፈራ ቀስ ብሎ የሚያስገባውም አይድንም፤ ጥርሶቹ በአንዴ መያያዝ ሲገባቸው እየተፋጩ ሲንኳኩ ይሰማል። ማርሽ በቆራጥነት፣ ነዳጅ በትሕትና ነው። ጀማሪው ግን ትሕትናውን ለማርሹ፣ ቆራጥነቱን ለነዳጁ ያውለዋል።

«ሐይቅ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምኑ ነው? ጣና ውቅያኖስ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ጣና ግን ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር አይሆንም። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። ሰባቱ ፈረሶች ዓባይ በረሃ ላይ ደክመው ቀርተዋል ማለት ነው። ፕሮፔለር ደግሞ የተቀረጸው ወደፊት ለመግፋት በመሆኑ ወደኋላ ሲዞር ድሮም ሰነፍ ነው። ደጋ ላይ ያለ ሾፌር እንግዲህ ከጠረፉ ሾፌር ቀድሞ መቀነስ አለበት። በዚያ ላይ እምቦጭ አለ። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትን የውኃ መግቢያም ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን ፊጭ የምትለው ቀጭን ውኃ ስትመነምን ወይም ስትቋረጥ ሞተሩ ተጠምቷል፤ ውኃ ላይ ተቀምጦ መጠማት ይሏል ይህ ነው። እዚህ ላይ የማሞግሳት ዜሮ ራሷ አትበቃም። ዜሮ ላይ ያለችን እጀታ የአንድ ተሳፋሪ ክርን ገፍቶ ማርሽ ሊያስገባት ይችላል። በደቂቃ 3,200 ጊዜ የሚዞር ባለ ሦስት ክንፍ ፕሮፔለር በአንድ ሰከንድ 160 ጊዜ ይመታል፤ ስለዚህ አረሙ የሚነካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ፕሮፔለሩ ከውኃ ከወጣ በኋላ ነው። የሚዋኝ ሰው ወደ ጀልባዋ ሲወጣም እንዲሁ ሞተሩ ይጠፋል።

ከሁሉ የምትናቀው ግን ማጥፊያዋ ገመድ ናት። አንድ ጫፏ ሞተሩን በሚያጠፋው ማብሪያ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ከሾፌሩ እግር ወይም ከላይፍ ጃኬቱ ጋር ይታሰራል፤ ሰውዬው ከወደቀ ትነቀላለች፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። በቅሎ ጌታዋን ጥላ ትሸሻለች፤ ሾፌሯን የጣለች ጀልባ ግን ትመለሳለች። መሪው ሲለቀቅ የፕሮፔለሩ ግፊት ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ስለሚያዞረው፣ ክብ እየሠራች ሰውዬው ወደሚዋኝበት ደጋግማ ትመጣለች፤ ናፍቆት ግን አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ ያነሱና 3 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ሾፌሮች ሲፈጥኑ በዚህች ገመድ እንዲታሰሩ በፌዴራል ሕግ ማዘዟ ያለ ነገር አይደለም። «ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ወድቄ አላውቅም» ለሚለው፣ ሕጉ ለልምድ መውጫ በር አልተወም፤ ማዕበልም የሥራ ልምድ ማስረጃ አይጠይቅም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ገመዷ በስሕተት ብትነቀልና በፍጥነት መሐል ሞተሩ ቢጠፋ፣ መሪ ይጠፋል ያልኩት እኔው አይደለሁም ወይ? ነኝ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሾፌሩ በቦታው አለ፤ ገመዷን መልሶ ይሰካል፣ እጀታዋን ዜሮ አድርጎ ያስነሣል፣ ጉዳቱ ባመዛኙ በተሳፋሪ ፊት ማፈር ነው። የወደቀ ሾፌር ጀልባ ግን ሞተር እንጂ መሪ የያዘ ሰው የላትም። አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ ሾፌሩ ገመዷን ይዞ ከወደቀ ጀልባ ላይ የቀሩት ሞተሩን አስነሥተው ሊያወጡት ይቸገራሉ። ለዚህም መፍትሔው ትርፍ ገመድ መያዝና አሰካኩን ለአንድ ተሳፋሪ ማሳየት ነው። ማሰሩ ደግሞ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ይሁን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እናም አንባቢ ሆይ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ስትሳፈር የመቀመጫውን ልስላሴ ተወውና የገመዷን ጫፍ ፈልግ። ማብሪያው ላይ ተጠምጥማ ካገኘሃት «ወንድሜ፣ እሰራት» በል፤ ካላሰራት ግን ሒሳቡን አትክፈል፣ ውረድ።